ፍየሏ ላይ ተቀመጥ፦ የዛንዚባርን ምግብ እቤት ለመሥራት ስንታገል

የመጀመሪያው ፒላዋችን፣ ከስጋና ከቅመም ጋር የሚበስለው የዛንዚባር ሩዝ፣ የጥርስ ሐኪም ክፍል ነበር የሚሸተው። ማጋነኔ አይደለም። ባለቤቴ ክዳኑን ሲያነሳ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «ምን አስታወሰሽ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ጉንጬን ይዤ አሳየሁት።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ነገር አለ። ጥርስ ሐኪሞች ለጊዜያዊ ሙሌት የሚያዘጋጁት ድብልቅ ውስጥም ይገባል፤ ያደነዝዛል። ባለቤቴ ደግሞ «የቅርንፉድ አገር ምግብ አይደል እንዴ!» ብሎ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ጨምሯል። ለሁለት ሰው ሩዝ! ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ምላሴ መኖሩን መጠራጠር ጀመርኩ።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሞከርን፣ እየተበሳጨንና እየተሳሳቅን አራት ምግቦችን ደህና አድርገን መሥራት ችለናል። እሱ ያበስላል፣ እኔ እቀምሳለሁ። ስንፍና ይመስላል፤ ትንሽም ነው። ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመን ይኸው ክፍፍል ሆኖ ተገኘ። ከጉዞ ተመልሳችሁ «ያን ምግብ እንሥራው እንጂ» እየተባባላችሁ ከሆነ፣ ቢያንስ እኛ የደነቀፈን ድንጋይ እናንተን እንዳይደነቅፋችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ጉዞው በአጭሩ። ሰባት ቀን ነው የቆየነው። ሦስቱን አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን፣ አራቱን በምሥራቁ ዳርቻ ጃምቢያኒ። ስቶን ታውን ሳለን ማታ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ እንሄዳለን። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ዳር ጠረጴዛ ይደረደራል፣ ከሰል ይያያዛል፣ ሚሽካኪ (በዘንግ የተሰካ ሥጋ) ይጠበሳል፣ ሸንኮራው ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር እየተጨመቀ ይሰጣል። ኡሮጆ የሚባለውን ቢጫ ሾርባ የለመድነው እዚያ ነው። ፒላው ግን የቀመስነው ጃምቢያኒ ነው፣ በግቢዋ ውስጥ ለእንግዶች ከምታበስል አንዲት ሴትዮ ዘንድ። በሦስተኛው ቀን «አስተምሪን» አልናት። ነገ ጠዋት ኑ አለች።

ጠዋት ስንደርስ ባለቤቴን አየችውና «ፍየሏ ላይ ተቀመጥ» አለችው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ ግን ይህንን አጥርታ ነው የተናገረችው። እሱ ዞር ዞር አለ። ግቢው ውስጥ እውነተኛ ፍየል ታስራ ነበር፤ በሐዘኔታ አያት። ሴትዮዋ ሳቋ አላስቆም ብሏት ከግድግዳው ሥር አንድ ትንሽ ታጣፊ የእንጨት መቀመጫ አነሳች። ከፊቱ ጥርስ ያለው ብረት እንደ ምላስ ወጥቷል። ለካ የኮኮናት መፋቂያው ስሙ ምቡዚ ነው፣ በስዋሂሊ ፍየል ማለት ነው። በላዩ ላይ ተቀምጠህ የተገመሰውን ኮኮናት በሁለት እጅህ ይዘህ ብረቱ ላይ እያዞርክ ትፍቃለህ። ነጩ እንደ በረዶ ከሥር ሳህን ላይ ይወርዳል። ባለቤቴ ሁለት ኮኮናት ፍቆ አውራ ጣቱን ላጠ። እኔ ፎቶ አነሳሁ።

እዚያ ሳለን አንድ በትክክል ያደረግነው ነገር ቢኖር ልኬቱን መያዛችን ነው። ሴትዮዋ ሩዙንም ውሃውንም የምትለካው ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ነበር። «ሦስት በዚህ» ትላለች። በዚህ ማለት ስንት ነው? የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ በእጄ ስለነበር ኩባያዋን ውሃ ሞልቼ ወደ ጠርሙሱ ገለበጥኩት። እስከ ግማሽ ደረሰ። ኩባያዋ ሩብ ሊትር ነው ማለት ነው። የትም ብትሄዱ ባዶ ጠርሙስ አታጡምና ይህችን ያዙልኝ። ሁለተኛው ቪዲዮ ነው። ለምስሉ ብለን ቀረጽነው፣ የጠቀመን ግን ድምፁ ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ላይ ይንጫጫል፣ ውሃው ሲመጥ እየረገበ ይሄዳል፣ ከዚያ ቺስስ የሚል ቀጭን ድምፅ ይቀራል። ስጋውን የጨመረችው እዚያ ላይ ነው። በምስሉ ብቻ ቢሆን ደቂቃውን አናገኘውም ነበር፣ ምክንያቱም እጇ ካሜራውን ከልሎታል።

ያላደረግነው ደግሞ ብዙ ነው። «ምን ምን ይገባል?» እያልን ነበር የምንጠይቃት። መጠየቅ የነበረብን «መጀመሪያ ምን ይገባል?» እና «መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ?» ነበር። የቅመሙን ዝርዝር ከየትም ታገኙታላችሁ። ቅደም ተከተሉንና ምልክቱን ግን እዚያ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

ወደ ጥርስ ሐኪሙ ልመለስ። ያ ፒላው ተደፋ። በማግሥቱ ፀብ መሰል ነገር ተፈጠረ። እሱ «ጣዕሙ እንዲህ ነበር፣ ቅርንፉዱ ትንሽ በዛ እንጂ» ይላል፣ እኔ «በጭራሽ» እላለሁ። ክርክሩ ሲሰለቸን ሁለት ወረቀት አመጣሁና ሳንነጋገር የምናስታውሰውን ሁሉ እንጻፍ አልኩት። እሱ ጻፈ፦ ሩዙ ቡናማ፣ ድንቹ ትልልቅ፣ ከጎኑ ቲማቲምና ሽንኩርት። እኔ ጻፍኩ፦ መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው ከሙን፣ ሩዙ አንዱ ካንዱ አይጣበቅም፣ ከጎኑ ሎሚ ያለበት ካቹምባሪ (የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ)። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ስናያቸው ሳቅን። ቅርንፉድ ብሎ የጻፈ አንድም ሰው የለም!

ያኔ ገባን። የደሴቲቱን ዝና ነበር እንጂ የቀመስነውን አልነበረም ያበሰልነው። ቅርንፉድ በመጀመሪያ የሞሉካ ደሴቶች ተክል ነው። ዛንዚባር የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ የኦማኑ ሱልጣን ሰኢድ እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ መቀመጫቸውን ወደዚያ ከማዛወራቸው ጋር ተያይዞ እርሻው በባሮች ጉልበት ተስፋፋ። የሚመረተው በመርከብ ተጭኖ እንዲሸጥ ነው። እዚያው ማድቤት ውስጥ ግን እንደማንኛውም ኃይለኛ ቅመም እየተቆጠረ ነው የሚገባው። ሴትዮዋም ቪዲዮው ላይ ስትጨምር ይታያል፤ ደጋግመን አይተን ቆጠርነው፣ አምስት ፍሬ ነው። ለሦስት ኩባያ ሩዝ አምስት ፍሬ።

የሁለት ወረቀቱ ነገር ከዚያ በኋላ ሕጋችን ሆነ። ሁለታችንም የጻፍነው የግድ መኖር አለበት። አንዳችን ብቻ የጻፍነው ይሞከራል። ማንም ያልጻፈው፣ የትም የምግብ አሠራር ላይ ቢገኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አይገባም። ብቻችሁን ስትሠሩ ይህን ማድረግ አትችሉም፣ የራሳችሁን ትዝታ የሚከራከራችሁ የለማ። ደግሞ ቶሎ ጻፉ። እኛ ወር ያህል ቆይተን ስለጻፍን ኡሮጆው ላይ ጭራሽ አልተገናኘንም፦ እሱ ወፍራምና ለስላሳ ነው አለ፣ እኔ ቀጭንና ኮምጣጣ። ስናጣራ ከተለያየ ጠረጴዛ ነው የበላነው። ፋራ ክርክር!

የአፍንጫውን ነገር ደግሞ እዚህ ላንሳው። ሁለት ሰዓት ሽንኩርትና ቅመም ሲያቁላላ የቆየ ሰው አፍንጫው ይለምደዋል፣ ሽታውን መለየት ያቅተዋል። ባለቤቴ ቅመም የሚያበዛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለማይሸተው ነው። ስለዚህ እሱ ሲያበስል እኔ ከማድቤት እወጣለሁ። በር ይዘጋል። ሲጠራኝ ገብቼ በአንድ ማንኪያ እቀምስና የመጀመሪያ የመጣልኝን አንድ ቃል እናገራለሁ። «ጨው»። «መራራ»። «ጎድሎታል»። ትንታኔ የለም፣ ትንታኔ ስጀምር እንጣላለን። ሌላው ደንብ፣ ጨው ላይ የሚያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እኔም በደግነት ጨመርኩ፣ እሱም ጨምሮ ነበር። ያን ቀን ዳቦ በላን።

አሁን ፒላው። ከሦስት ጊዜ ሙከራ በኋላ የጸናው እንዲህ ነው። ሦስት ኩባያ ባስማቲ ሩዝ ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል። ስጋው ለብቻው በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ይቀቀላል፣ መረቁ አይደፋም። ከዚያ ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት በቀጭኑ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል፣ እናም እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚፈራው። ወርቃማ ሲሆን አታቁሙ። ቡናማ፣ እንዲያውም ሊያርር አንድ ሐሙስ እስኪቀረው ድረስ። ሃያ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የፒላው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው፣ እርድም ሌላ ማቅለሚያም የለውም። ልክ ሲደርስ ትንሽ ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ቀለሙ ይፈታል። እኛ ሁለተኛውን ፒላው ያበላሸነው ሽንኩርቱን ፈርተን ቶሎ ስላወጣነው ነው፤ ነጭ ሩዝ ወጣልን።

ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ ቅመሙ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ ስድስት ሄል፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ አሥር ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ አምስቱ ቅርንፉድ። ሁሉም ሳይፈጭ። ከሙኑን ብቻ በሙቀጫ ትንሽ ሰበር እናደርገዋለን። ስጋው፣ ትልልቅ ድንች፣ ሩዙ፣ አራት ኩባያ ተኩል መረቅ። መረቁ መጥጦ ሩዙ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ሲታይ እሳቱ በጣም ይቀነሳል። ሴትዮዋ እዚህ ላይ ፍም ከሥር አንስታ ክዳኑ ላይ አደረገች፤ ከላይም ከታችም ይሞቃል። እኛ ድስቱን እንዳለ ኦቨን ውስጥ እናስገባዋለን፣ 150 ዲግሪ፣ ሃያ ደቂቃ። የከሰሉ ጢስ የለውም እንጂ ሩዙ ያው ነው፣ ፍሬ በፍሬ።

ኮኮናቱ ሌላ ትምህርት ነው። እኛ የኮኮናት ወተት አንድ ዓይነት መስሎን ነበር። እዚያ ሁለት ነው። ተፍቆ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ተጨምሮበት መጀመሪያ የሚጨመቀው ቱዪ ዚቶ ነው፣ ወፍራሙ። ያው ገለባ ብዙ ውሃ ተጨምሮበት ሲደገም ቱዪ ጄፔሲ ይወጣል፣ ቀጭኑ። ማብሰሉ የሚካሄደው በቀጭኑ ነው። ወፍራሙ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ክፉኛ አይፈላም፣ ከፈላ ዘይቱ ይለያል። እኛ ወፍራሙን መጀመሪያ ገልብጠን አርባ ደቂቃ አንተከተክነው። የወጣው ነገር ላዩ ዘይት፣ ሥሩ አሸዋ የመሰለ ነበር።

ፍየሏን ይዘን አልመጣንም፣ ሻንጣ አልበቃም። ብሌንደር በቂ ነው። የአንድ ኮኮናት ሥጋ ቆራርጣችሁ ከአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጋር ፍጩት፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጭመቁት፣ ወፍራሙ ያ ነው። ገለባውን መልሳችሁ በሁለት ኩባያ ውሃ ድገሙት። ጊዜ ከሌላችሁ የታሸገውም ይሆናል፤ ጣሳውን ሳትንጡ ክፈቱት፣ ከላይ የረጋውን በማንኪያ አንሱና ለመጨረሻ አስቀምጡት፣ የቀረውን በውሃ አቅጥኑት። ከላይ የረጋ ነገር ከሌለው ማወፈሪያ ተጨምሮበት ሊሆን ስለሚችል ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ።

ኮኮናቱን የምንፈልገው ለፕዌዛ ዋ ናዚ ነው፣ ኦክቶፐስ (ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ) በኮኮናት። ጃምቢያኒ ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶች በእግራቸው ገብተው በዘንግ ኦክቶፐስ ያድናሉ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ይደበደባል፣ እንዲለሰልስ። እኛ ትኩስ ኦክቶፐስ በስንት መከራ አገኘንና ባለቤቴ በዘነዘና ደበደበው። ጎረቤት ምን እንዳሰበ አላውቅም። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቀቅሎ አቀረበው። ጎማ። መንጋጋዬን አመመኝ።

የዳንነው በረዶ ቤት ነው። የቀዘቀዘ ኦክቶፐስ ይሻላል፣ ሲቀዘቅዝ ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ጅማቱን ይበጣጥሰዋል፤ ድብደባውን ይተካል ማለት ነው። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ያለ ጨው፣ በራሱ ውሃ፣ በለሆሳስ እሳት። ኪሎ የሚሆን ከሆነ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ግን ሰዓት አትመኑ፣ ወፍራሙ የእግሩ ክፍል ላይ ቢላ ውጉ። ሳይታገል ከገባ በቃው። በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለአራት ሰው ብላችሁ አንድ ኪሎ ገዝታችሁ እንዳታፍሩ። ከዚያ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቲማቲም፣ እርድ፣ ቀጭኑ ወተት፣ ኦክቶፐሱ፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙና ሎሚ። ጨው ከሁሉ በኋላ፣ ባሕር ውስጥ የኖረ ነገር ጨዉን ይዞ ነው የሚመጣው።

ኡሮጆ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ቀላል ነው። ውሃ፣ እርድ፣ ለማወፈሪያ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ዱቄት፣ ለማኮምጠጫ ያልበሰለ ማንጎ ወይም ሁመር ወይም ሎሚ። ላዩ ላይ የተቀቀለ ድንች፣ ከሽምብራ ዱቄት የተጠበሰ ባጂያ፣ ካገኛችሁ የካሳቫ ጥብስ፣ የኮኮናት ቸትኒ፣ የሚያቃጥል ነገር። በወፍራምና በቀጭን ስንከራከር በመጨረሻ በሁለት ድስት ሠራነው። ሁለቱም ኡሮጆ ናቸው። ማንዳዚውም፣ በዘይት የሚጠበሰው ጣፋጭ ዳቦ፣ ወጥቶልናል፣ ዱቄቱ በውሃ ሳይሆን በኮኮናት ወተትና በሄል ከተቦካ የሚቀረው ነገር የለም።

የተውነውም አለ። ዛንዚባር ፒዛ የሚሉትን በቀጭን ሊጥ ውስጥ ሥጋና እንቁላል ተጠቅልሎ የሚጠበሰውን ሁለቴ ሞክረን ተውነው። ሊጡን እየለጠጡ የሚያሳሱት ሰዎች እጅ የዓመታት ልምድ ነው፤ የኛ ተቀደደ፣ እንቁላሉ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ሚሽካኪውም ያለ ከሰልና ያለ ባሕር ንፋስ ተራ ጥብስ ነው። ሁሉን ነገር እቤት ማምጣት አለብን ያለ የለም።

ቅመም ስለመግዛት አንድ ሁለት ነገር። ለቱሪስት በሚያምር ትንንሽ ፓኬት የተዘጋጀውን የተፈጨ የፒላው ቅመም ገዝተን ነበር፣ ሦስት ወር ሳይቆይ ሽታው ጠፋ። ዳራጃኒ ገበያ ሳይፈጭ የገዛነው ግን እስካሁን አለ። ከዚያው ሳንወጣ ባለቤቴ «ሳፍሮን በዚህ ዋጋ!» ብሎ አንድ ከረጢት ገዛ። ለካ ውዱ ቅመም ሳይሆን ሱፍ ነው፣ የደረቀ አበባው። ቀለም ይሰጣል፣ ሌላ ነገር የለውም። ትኩስ ሥርና ቅጠል ይዘን ለመግባት ደግሞ አንድ አየር ማረፊያ ላይ ሞክረን ተወረሰብን። ብዙ አገር ትኩስ ተክል አያስገባም፣ የደረቀውን ያዙና ሰላም ግቡ።

ስትቸገሩ ደግሞ የምግቡን ዘመዶች ጠይቁ። የዛንዚባር ማድቤት ከሕንድ፣ ከኦማንና ከስዋሂሊ ዳርቻ የተቀላቀለ ነው፣ መርከቦቹ በነፋሱ ወቅት እየሄዱ እየመጡ ያመጡት። ባጂያችን እንደ ድንጋይ ሲሆንብን የሕንዶቹን አሠራር አይተን ነው ዱቄቱን ማቅጠን እንዳለብን ያወቅነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሰው ጋበዝን። ሽንኩርቱ ቺስስ ማለት ሲጀምር እንደ ደንቡ ወጣሁ፣ ግን በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበርና በክፍተቱ አየሁት። ከዳራጃኒ ያመጣነውን ብልቃጥ አንስቶ ቅርንፉዱን መዳፉ ላይ ገለበጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው አብሮ ወጥቶ ነበር። ትንሽ አየው፣ ወደ በሩ ዞር አለ፣ ከዚያ ብልቃጡ ውስጥ መለሰው።